«ሜክ አፕ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ በየፍቺው የመረዳትና የመጠቀም መመሪያ

ከዓመታት በፊት ለአንድ የሥራ ኃላፊ በእንግሊዝኛ አጭር መልእክት ልኬ ነበር። ማስረከብ የነበረብኝ ወርኃዊ ሪፖርት ሁለት ቀን ዘግይቶብኝ ስለነበር «መዘግየቴን እክሳለሁ» ለማለት አስቤ የጻፍኩት ግን «አይ ዊል ሜክ አፕ ዘ ሪፖርት» የሚል ነው። መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ «እባክህ አትፍጠረው፤ የምንፈልገው እውነተኛውን ቁጥር ነው» ይላል። ሰውዬው ይቀልድ ይቆጣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ መዝገበ ቃላት ስገልጥ ግን ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተረዳሁ። ሁለቱን ቃላት ለየብቻ አውቃቸው ነበር፤ «ሜክ» መሥራት ነው፣ «አፕ» ደግሞ ወደ ላይ ማለት ነው። ሁለቱ ተጣምረው ከኋላቸው «ሪፖርት» የሚል ስም ሲከተላቸው ግን አብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚሰማው «ሪፖርቱን ከራሴ ፈጥሬ እጽፈዋለሁ» የሚል ነው።

እንዲህ ያለውን ጥምር ግስ የእንግሊዝኛ ሰዋስው «ፍሬዛል ቨርብ» ይለዋል። አንድ ተራ ግስ ከአንዲት ትንሽ ቃል፣ ማለትም ከመስተዋድድ ወይም ከተውሳከ ግስ ጋር ተጣምሮ የሁለቱ ድምር ያልሆነ ትርጉም ሲይዝ ማለት ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ ባዕድ ተማሪን ከሁሉ አብልጦ የሚያስቸግረው ይህ ዓይነቱ ጥምረት መሆኑን ጠቅሷል። የአማርኛ ተናጋሪ ግን ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። «ዝም አለ» በሚለው ሐረግ ውስጥ «አለ» የሚለውን ቃል «ተናገረ» ብሎ የሚተረጉም የውጭ ሰው የሐረጉን ተቃራኒ ይረዳል፤ «እጅ ሰጠ» የሚለውንም ቃል በቃል ከወሰደው የሚታየው ለሰላምታ የተዘረጋ እጅ እንጂ ሽንፈት አይደለም። እኛም ብንሆን እነዚህን ጥምር ግሶች ከፍለን አልተማርናቸውም፤ ከነአገባባቸው ለመድናቸው እንጂ። እንዲያውም «ዝም እንኳ አላለም» ስንል ጥምሩን ከፍተን በመካከሉ ሌላ ቃል እንደምናስገባ ሁሉ፣ «ሜክ አፕ»ም በመካከሉ ሌላ ቃል የሚገባባቸው ቦታዎች አሉት።

ወደ ፍቺዎቹ ከመሄዳችን በፊት «አፕ» እዚህ ላይ ምን እንደምትሠራ ማየት ይጠቅማል። «ኢት» መብላት ነው፤ «ኢት አፕ» ግን ሳህኑ ባዶ እስኪሆን መብላት ነው። «ድሪንክ» መጠጣት ነው፤ «ድሪንክ አፕ» ግን የቀረውን መጨረስ ነው። እኛ «ጥርግ አድርጎ በላ»፣ «ጭልጥ አድርጎ ጠጣ» ስንል «ጥርግ» እና «ጭልጥ» የሚሰጡንን የፍጻሜ ስሜት እንግሊዝኛ በ«አፕ» ያመጣዋል። ስለዚህ «ሜክ አፕ» ሲባል አንድን ነገር ሙሉ እስኪሆን ድረስ መሥራት የሚል ሐሳብ ከሥሩ አለ ብለን እንያዝ። ከዚህ ሐሳብ ሁለት መንገዶች ይወጣሉ። አንዱ የጎደለውን መሙላት ነው፤ ያለፈን ጊዜ መካስ፣ የተሰበረን ወዳጅነት መጠገን፣ ያልተቋጨን ሐሳብ መቋጨት በዚህ መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሌላው ከክፍሎች ሙሉ ነገር ማቆም ነው፤ ወሬ መፍጠር፣ የአንድ ነገር አካል መሆን፣ አልጋ ወይም መድኃኒት ማዘጋጀት፣ ፊትን ማሰማመር ወደዚህ ይጠጋሉ። ይህን ክፍፍል ያቀረብኩት ለማስታወስ እንዲያግዝ ብቻ ስለሆነ እንደ ታሪክ ማስረጃ እንዳይወሰድብኝ እፈልጋለሁ። ፍቺውን በእርግጥ የሚነግርዎ ግን ከ«አፕ» በኋላ የሚመጣው ነገር ነው፤ ስለዚህ ግሱን ባገኙት ቁጥር ዓይንዎ መጀመሪያ ወደዚያ ይሂድ።

መፍጠር፣ ከራስ ማምጣት

ከ«ሜክ አፕ» በኋላ ታሪክ፣ ሰበብ፣ ስም፣ ቃል፣ ግጥም ወይም ውሸት የሚመጣ ከሆነ ፍቺው መፍጠር ነው። «ሂ ሜድ አፕ ኤን ኤክስኪውዝ» ማለት «ሰበብ ፈጠረ» ማለት ሲሆን፣ «ሺ ሜድ አፕ ኤ ስቶሪ ፎር ዘ ቺልድረን» ደግሞ «ለልጆቹ ተረት ከራሷ ፈጥራ ነገረቻቸው» ማለት ነው። በመጀመሪያው ውስጥ ወቀሳ አለ፤ በሁለተኛው ግን የለም፣ እንዲያውም ምስጋና ሊኖርበት ይችላል። ግሱ ራሱ ሰውን ውሸታም አያደርግም፤ የፈጠረው ነገር እውነት ነው ተብሎ የቀረበ እንደሆነ ብቻ ወደ ውሸት ያዘነብላል። በንግግር ብዙ ጊዜ የሚሰማው «አር ዩ ሜኪንግ ዚስ አፕ?» የሚለው ጥያቄ «ይህን ከራስህ ነው የምታመጣው?» እንደማለት ነው፤ «አይ አም ኖት ሜኪንግ ዚስ አፕ» ደግሞ ተናጋሪው ለማመን የሚያስቸግር ነገር ሊናገር ሲል ወይም ተናግሮ ሲጨርስ «ከራሴ የጨመርኩት የለም» ብሎ የሚያረጋግጥበት ነው። ብሪታንያውያን «ዩ ኩድንት ሜክ ኢት አፕ» ሲሉ «ልፍጠር ቢሉ እንኳ እንዲህ ያለ አይፈጠርም» በሚል መገረም ነው። ሳይዘጋጅ ወደ ሥራ የገባ ሰውም «አይ አም ሜኪንግ ኢት አፕ አዝ አይ ጎ አሎንግ» ይላል፤ ዕቅድ የለኝም፣ በደረስኩበት እየፈጠርኩ ነው የምሄደው ማለቱ ነው።

የአማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የእኛ «ፈጠረ» ሰፊ ነው፤ ዓለምን የፈጠረውን፣ መሣሪያ የፈጠረውን፣ ወሬ የፈጠረውንም በአንድ ቃል እንገልጻለን። እንግሊዝኛ ግን ይለያያቸዋል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1876 የባለቤትነት መብት ያገኘበትን ስልክ በተመለከተ የሚባለው «ኢንቬንትድ ዘ ቴሌፎን» ነው። «ሜድ አፕ ዘ ቴሌፎን» ብንል ስልክ የሚባል ነገር በእውን የለም፣ ሰውዬው ከልቡ ያወጣው ወሬ ነው እንደማለት ይሆናል። «ሜክ አፕ» የሚፈጥረው በአእምሮና በቃል የሚቆመውን ብቻ ነው፤ በእጅ የሚዳሰስ መሣሪያ ከሆነ ግሱን ይቀይሩ።

የቃላቱ አቀማመጥም በዚህ ፍቺ ላይ መጠናት አለበት፤ እዚህ በደንብ ከተያዘ ሌላው ቦታ ላይ አያስቸግርም። ተሳቢው ስም ከሆነ ከ«አፕ» በፊትም በኋላም መቀመጥ ይችላል፤ «ሺ ሜድ አፕ ኤ ስቶሪ» እና «ሺ ሜድ ኤ ስቶሪ አፕ» ሁለቱም ትክክል ናቸው። ተሳቢው ተውላጠ ስም ከሆነ ግን ምርጫ የለም፤ መካከል ይገባል፤ «ሺ ሜድ ኢት አፕ»። «ሺ ሜድ አፕ ኢት» የሚል ዓረፍተ ነገር ጆሮ የሚቧጥጥ ስሕተት ነው። ተሳቢው ረጅም ሐረግ በሚሆንበት ጊዜ፣ ለምሳሌ «ቁልፉ ስለጠፋበት ሰው የሚተርክ ረጅም ታሪክ» የሚል ሲሆን፣ ከ«አፕ» በኋላ ማስቀመጥ ይመረጣል፤ አለበለዚያ «አፕ» ከግሷ እጅግ ርቃ መጨረሻው ላይ ትንጠለጠላለች። ከዚህ ፍቺ የሚወጣ ቅጽልም አለ። «ሜድ-አፕ ኔም» ሲባል የፈጠራ ስም፣ «ሜድ-አፕ ዎርድ» ሲባል ደግሞ በመዝገበ ቃላት የማይገኝ፣ አንድ ሰው ከራሱ ያወጣው ቃል ማለት ነው።

መካስ፣ የጎደለውን መሙላት

ብዙ ተማሪዎች የሚደናገሩበት፣ እኔም የወደቅሁበት ቦታ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሦስት የተለያዩ አገባቦች ተቀራርበው ይገኙበታል። አንድ ጉዳይ ወስደን በሦስቱም ብናየው ይሻላል። አንድ አስተማሪ የማክሰኞ ትምህርት ሳይሰጥ ቀረ እንበል። ለተማሪዎቹ «አይ ዊል ሜክ አፕ ዘ ክላስ ኦን ሳተርደይ» ቢላቸው የቀረውን ክፍለ ጊዜ ራሱን ቅዳሜ እተካዋለሁ ማለቱ ነው። «አይ ዊል ሜክ አፕ ፎር ማይ አብሰንስ» ቢል ደግሞ መቅረቴ ያስከተለውን ጉድለት በሌላ ነገር አካክሳለሁ ማለቱ ነው፤ ያ ሌላ ነገር ተጨማሪ ልምምድ፣ ማስታወሻ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። «አይ ዊል ሜክ ኢት አፕ ቱ ዩ» ቢል ደግሞ ዓይኑ ያለው በሰዎቹ ላይ ነው፤ «በድያችኋለሁ፣ እክሳችኋለሁ» የሚል የወዳጅነት ቃል ይሆናል።

እንግዲህ «ፎር» ካለች ከእርሷ በኋላ የሚመጣው መጥፎው ነገር ወይም ጉድለቱ ነው፤ የባከነ ጊዜ፣ ስሕተት፣ መዘግየት፣ የልምድ ማነስ። «ሜክ አፕ ፎር ሎስት ታይም» የሚለው ሐረግ በጣም የተለመደ ሲሆን የባከነውን ጊዜ በትጋት መካስን ያመለክታል። «ቱ» ካለች የሚከተላት የተጎዳው ሰው ነው፤ «ኢት» የምትለዋም ከመካከል አትጠፋም። ሁለቱም ከሌሉና የቀረው ሥራ፣ ሰዓት ወይም ፈተና በቀጥታ ከተከተለ፣ ያው የቀረው ነገር ራሱ ሊሠራ ነው። ያን መልእክት መጻፍ የነበረብኝም «አይ ዊል ሜክ አፕ ፎር ዘ ዲሌይ» ብዬ ነበር፤ ሪፖርቱ ጎደሎ ስላልነበረ የሚካሰው መዘግየቱ እንጂ ሪፖርቱ አልነበረም። «ሜክ ኢት አፕ ቱ ዩ» ብዬ ቢሆን ደግሞ ሰዋስው ባላፈርስም፣ ለአለቃ ሳይሆን የልደት ቀኑን ለረሳሁበት ወዳጅ የሚባል ነገር እጽፍ ነበር።

በ«ፎር» የሚሄደው አይከፈልም፤ ተውላጠ ስሙ የሚመጣው ከመጨረሻ ነው፤ «ሜክ አፕ ፎር ኢት»። ባለቤቱ የግድ ሰው መሆን የለበትም። «ዘ ቪው ሜክስ አፕ ፎር ዘ ሎንግ ክላይም» የሚለውን «እይታው የአቀበቱን ድካም ያስረሳል» ብለን ብንተረጉመው ከ«ይክሳል» የተሻለ አማርኛ ይሆናል፤ ከዚህ እንደሚታየው አንድን የእንግሊዝኛ ፍቺ በአንድ የአማርኛ ቃል ቆልፎ መያዝ አያዋጣም። በገንዘብ ጉዳይ «ሜክ አፕ ዘ ዲፈረንስ» ሲባል ልዩነቱን መሙላት ነው፤ 1,000 የሚያስፈልገው ሰው 800 ካለውና ሌላው 200 ከጨመረለት፣ ያ ሁለተኛው ሰው ልዩነቱን ሞላ ይባላል። በሕግ ወይም በኢንሹራንስ የሚከፈል የጉዳት ካሣ ግን በዚህ ግስ አይጠራም፤ ቃሉ «ኮምፔንሴሽን» ነው።

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በበቂ ምክንያት ፈተና ያመለጠው ተማሪ ዘግይቶ የሚወስደው ፈተና «ሜካፕ ኤግዛም» ይባላል። በብሪታንያ የሚሰማው «ሪሲት» ግን ባብዛኛው ውጤት ያልመጣለት ተማሪ ዳግመኛ የሚቀመጥለት ፈተና ስለሆነ ሁለቱን እንደ አንድ መቁጠር አይገባም።

መታረቅ

ከ«ሜክ አፕ» በኋላ ምንም ተሳቢ ከሌለና ቀደም ብሎ ጠብ ከተወራ፣ ፍቺው መታረቅ ነው። «ዘይ አርጊውድ ኤንድ ዜን ሜድ አፕ»፤ ተጣሉ፣ ኋላም ታረቁ። ከማን ጋር እንደሆነ ለመግለጽ «ዊዝ» ይጨመራል፤ «ሂ ሜድ አፕ ዊዝ ሂዝ ብራዘር» ማለት ከወንድሙ ጋር ታረቀ ማለት ነው። በብሪታንያ እንግሊዝኛ «ሜክ ኢት አፕ» ተብሎም ይነገራል። «ኪስ ኤንድ ሜክ አፕ» የሚለው ፈሊጥ ደግሞ ቃሉ የባልና ሚስት ቢመስልም፣ ሲወነጃጀሉ ቆይተው ድንገት ለተስማሙ ፖለቲከኞች ሳይቀር በቀልድ ይነገራል።

እዚህ ላይ አማርኛ የሚሰጠንን አንድ ነገር እንግሊዝኛው አይሰጠንም። እኛ «ታረቀ» ካልን በኋላ «አስታረቀ» ለማለት ፊደል መጨመር ብቻ ይበቃናል። «ሜክ አፕ» ግን የተጣሉት ሰዎች ራሳቸው የሚያደርጉት ነው፤ በመካከል የገባው አስታራቂ ባለቤት ሊሆንበት አይችልም። «ጓደኛቸው አስታረቃቸው» ለማለት «ዜር ፍሬንድ ሜድ ዜም አፕ» ብለን ብንጽፍ፣ ጓደኛቸው ፊታቸውን ኳኳላቸው ወይም ደግሞ እነርሱ የሌሉ፣ እርሱ የፈጠራቸው ሰዎች ናቸው የሚል ነገር ይወጣናል። ትክክለኛው «ጎት ዜም ቱ ሜክ አፕ» ወይም «ሬኮንሳይልድ ዜም» ነው። ግሱ የሚመጥነውም የቅርብ ሰዎች ጠብ ነው፤ በፍቅረኞች፣ በእህትማማቾች፣ በባልደረቦች መካከል። ጦርነት አቁመው ስምምነት የፈረሙ አገሮችን «ሜድ አፕ» ማለት ነገሩን የልጆች ኩርፊያ ያስመስለዋል።

የአንድ ነገር አካል መሆን

በዜናና በትምህርት ጽሑፍ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚገጥምዎ ይህ ፍቺ ነው። ክፍሎቹ ባለቤት፣ ሙሉው ነገር ተሳቢ ይሆናል፤ «ናይትሮጅን ሜክስ አፕ አባውት 78 ፐርሰንት ኦፍ ዚ አትሞስፊር»፣ ማለትም ናይትሮጅን ከከባቢ አየሩ 78 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ኦክስጅን ደግሞ 21 በመቶ ያህሉን ይይዛል። አቅጣጫውን ገልብጠን ከሙሉው ነገር ከተነሣን «ኢዝ ሜድ አፕ ኦፍ» እንላለን፤ «ዘ ሴኪዩሪቲ ካውንስል ኢዝ ሜድ አፕ ኦፍ 15 ሜምበርስ»፣ የጸጥታው ምክር ቤት ከ15 አባላት የተዋቀረ ነው፤ ከእነርሱም 5ቱ ቋሚ ናቸው። ብዙ ጊዜ የማየው ስሕተት ሁለቱን ማደባለቅ ነው፤ ምክር ቤቱን ባለቤት አድርጎ «ሜክስ አፕ 15 ሜምበርስ» የሚል ሰው፣ ምክር ቤቱ የሌሉ 15 አባላትን ይፈጥራል ብሎ ጽፏል። ወደ መጀመሪያው ፍቺ መውደቅ ማለት ይህ ነው።

በዚህ ፍቺ ግሱ «ኢዝ» እና «ኢንግ»ን አጣምሮ አይነገርም፤ ናይትሮጅን አየሩን «ኢዝ ሜኪንግ አፕ» አይባልም፤ ሁኔታ እንጂ በመካሄድ ላይ ያለ ድርጊት አይደለምና። «ኮንሲስትስ ኦፍ» የሚለው ተመሳሳዩ ደግሞ በተቃራኒው «ኢዝ» አይቀድመውም። ቀለበቱ ከወርቅ መሠራቱን ለመግለጽ «ሜድ ኦፍ» ይበቃል፤ «አፕ» የምትጨመረው ብዛት ያላቸው ክፍሎች ተደምረው አንድ ነገር ሲያቆሙ ነው።

መወሰን

«ሜክ አፕ ዩር ማይንድ» ሐሳብን መቁረጥ፣ መወሰን ነው። ከ«ዲሳይድ» የሚለየው ከውሳኔው በፊት ማመንታት እንደነበረ ማስታወቁ ነው። በመካከሉ ያለው አገናዛቢ ከባለቤቱ ጋር መስማማት አለበት፤ እርሱ «ሂዝ»፣ እርሷ «ኸር»፣ እነርሱ «ዜር» እያሉ፤ ለብዙ ሰዎችም «ማይንድስ» ይሆናል። አንድ ሰው ሱቅ ውስጥ በሁለት ጫማዎች መካከል ሲዋልል አብሮት ያለው ሰልችቶት «ሜክ አፕ ዩር ማይንድ!» ቢለው፣ የእኛ «ቁርጡን ንገረኝ!» ያለበትን ትዕግሥት ማጣት ይዞ ነው፤ ስለዚህ ለደንበኛ ወይም ለታላቅ ሰው አይባልም። «ማይ ማይንድ ኢዝ ሜድ አፕ» ደግሞ «ወስኛለሁ፣ አልመለስም» የሚል በር የሚዘጋ መልስ ነው።

መኳኳል፣ እና «ሜካፕ» የሚለው ስም

«ሜካፕ» ወደ አማርኛ ንግግር የገባ ቃል በመሆኑ እናውቀዋለን ብለን እንዘናጋለን። እኛ ዘንድ የገባው ግን ስሙ ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥቶ «ተኳኳልኩ» ለማለት «አይ ሜድ አፕ» ያለች ሴት፣ ሰሚው የተረዳት «ታረቅኩ» እንዳለች ነው፤ ከማን ጋር እንደተጣላች ሊጠይቃትም ይችላል። የሚባለው «አይ ፑት ኦን ሜካፕ» ወይም «አይ ዲድ ማይ ሜካፕ» ነው፤ ፊት ላይ መኖሩን ለመግለጽ ደግሞ «ዌር» የሚለው ግስ ያገለግላል። ስሙ የማይቆጠር ስለሆነ ከፊቱ «ኤ»፣ ከኋላው የብዙ ቁጥር «ኤስ» አይገባበትም። ግሱ በዚህ ፍቺ የሚነገረው ይበልጡን በቴአትርና በፊልም ሥራ ነው፤ ወጣቱ ተዋናይ ሽማግሌ እንዲመስል ሲኳኳል «ሂ ዎዝ ሜድ አፕ አዝ ኤን ኦልድ ማን» ይባላል።

ስሙ ሌላም ትርጉም አለው፤ አወቃቀር ወይም ተፈጥሮ ማለት ነው። «ጄኔቲክ ሜካፕ» ሲባል አንድ ፍጡር በዘር የወረሰው የባሕርይ አወቃቀር እንጂ ቅባትና ቀለም አይደለም። «ዘ ሜካፕ ኦፍ ዘ ኮሚቲ» ማለትም ኮሚቴው ከእነማን እንደተዋቀረ ነው። ሲጻፍ ግሱ ምንጊዜም በሁለት የተለያዩ ቃላት ነው፤ ስሙን አሜሪካውያን አጋጥመው በአንድ ቃል፣ ብሪታንያውያን በአብዛኛው በመካከሉ ጭረት አድርገው ይጽፉታል። ግሱን ገጥሞ መጻፍ እንግሊዝኛ አፋቸውን በፈቱበት ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ ሳይቀር የሚታይ ስሕተት ነው።

የቀሩትን ትናንሽ ፍቺዎች በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። «ሜክ ዘ ቤድ» ጠዋት የተነሡበትን አልጋ ማንጠፍ ሲሆን፣ «ሜክ አፕ ኤ ቤድ» ግን ያልነበረ መኝታ፣ ብዙ ጊዜ ለእንግዳ፣ ማዘጋጀት ነው። መድኃኒት ቀማሚው በማዘዣው መሠረት መድኃኒቱን ሲያዘጋጅም «ሜክስ አፕ ዘ ፕሪስክሪፕሽን» ይባላል። «ሜክ አፕ ዘ ነምበርስ» ቁጥር ለማሟላት ያህል ብቻ መገኘት ነው፤ የማሸነፍ ተስፋ ሳይኖረው ለውድድር የቀረበ ቡድን ይህ ይባልበታል። በሊቨርፑል አንድ ሰው «አይ አም ሜድ አፕ» ካለዎ ደስታው ወሰን አጥቷል ማለት ነው፤ ይህን ማወቅ በቂ ነው፣ ሌላ ቦታ ላይ ግን አይሞክሩት።

በጆሮ መለየት

በንግግር ፍጥነት «ሜክ» እና «አፕ» ተለያይተው አይሰሙም፤ የመጀመሪያው ቃል መጨረሻ ወደ ሁለተኛው ይሻገርና «ሜይ-ካፕ» የሚል ድምፅ ይወጣል፤ ያለፈው ጊዜ «ሜይ-ዳፕ» ይሆናል። «ሜድ ኢት አፕ» በአሜሪካውያን አፍ «ሜይ-ዲ-ዳፕ» ያህል ሆኖ ስለሚያልፍ ለጆሮ አዲስ የሆነ ሰው አንድ ያልታወቀ ቃል የሰማ ይመስለዋል። ግሱን ከስሙ የሚለየው ጥብቀቱ ነው። ግስ ሲሆን ድምፁ በ«አፕ» ላይ ይጠነክራል፤ ስም ሲሆን በመጀመሪያው ክፍል፣ በ«ሜክ» ላይ ይወድቃል። ሁለቱን ጮክ ብለው እያፈራረቁ ቢሏቸው ልዩነቱ በአንድ ቀን ይያዛል።

የት ይጻፍ፣ የት ይተው

ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይኛና ከላቲን የገቡት ቃላት የቤተ መንግሥቱን፣ የፍርድ ቤቱንና የትምህርቱን ቋንቋ ስለሞሉት፣ ዛሬም ለብዙ ፍሬዛል ቨርብ አንድ የከበደ አቻ ይገኛል። ለመካስ «ኮምፔንሴት»፣ ለመታረቅ «ሬኮንሳይል»፣ ለማዋቀር «ኮንስቲቲውት»፣ ለመፍጠር «ፋብሪኬት» አሉ። ይህን ያየ ተማሪ በመደበኛ ጽሑፍ ሁሉ «ሜክ አፕ»ን ማጥፋት አለብኝ ብሎ እንዳይደመድም። «የአንድ ነገር አካል መሆን» የሚለው ፍቺ በጥናታዊ ጽሑፍም ያለ ነቀፋ ያልፋል፤ «ሜክ አፕ ፎር»ም እንዲሁ። «ፋብሪኬት» ደግሞ ክብደቱ የክስ ነው፤ ማስረጃ ወይም የምርምር ውጤት ሐሰተኛ አድርጎ ማቅረብን ይናገራል፤ ልጅ ስለፈጠረው ተረት ቢባል ያስቃል። ለጓደኛ «ሌት አስ ሬኮንሳይል» ብሎ መጻፍም የዕርቅ ደብዳቤ በማኅተም እንደመላክ ነው።

ለመለማመጃ የሚከተለውን አጭር ንባብ ይውሰዱ፤ ግሱ አራት ጊዜ ይመላለሳል፦ «ሂ ሜድ አፕ ኤን ኤክስኪውዝ፣ በት ሺ ኒው ሂ ሃድ ሜድ ኢት አፕ። ሂ ፕሮሚስድ ቱ ሜክ ኢት አፕ ቱ ኸር፣ ኤንድ ባይ ዚ ኢቭኒንግ ዘይ ሃድ ሜድ አፕ።» ወደ ትርጉሙ ከመሮጥዎ በፊት በየቦታው ከ«አፕ» በኋላ ያለውን በጣትዎ ይሸፍኑና አንድ በአንድ ይግለጡት። በመጀመሪያው ላይ «ሰበብ» አለ፤ ስለዚህ መፍጠር ነው። በሁለተኛው «ኢት» ከመካከል ገብታለች፤ የምትወክለው ያንኑ ሰበብ ስለሆነ አሁንም መፍጠር ነው። በሦስተኛው «ኢት» እዚያው መካከል ብትኖርም ከኋላ «ቱ» እና ሰው መጥተዋል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ የምትጠቁምበት ሰበብ የላትም፣ ፍቺው ወደ መካስ ተሻግሯል። በአራተኛው ከ«አፕ» በኋላ አራት ነጥብ ብቻ ነው ያለው፤ ታርቀዋል። አማርኛው እንግዲህ «ሰበብ ፈጠረ፤ እርሷ ግን ከራሱ እንዳመጣው ገብቷታል። ሊክሳት ቃል ገባላትና እስኪመሽ ታረቁ» የሚል ይሆናል። አሁን በመጨረሻው ሐረግ ውስጥ «ኢት» ያስገቡና «ዘይ ሃድ ሜድ ኢት አፕ» ብለው እንደገና ያንብቡት። ብሪታንያዊ አንባቢ አሁንም ታረቁ ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ አሜሪካዊው ግን ቆም ብሎ ታሪኩን ሁለቱም ተስማምተው የፈጠሩት እንደሆነ መጠራጠር ይጀምራል።